በሰፈሩበት ቁና

የእህል ገበያ ልማድ ያለው ሰው ጤፉን ዘግኖ ከማየቱ በፊት ዓይኑን ቁናው ላይ ይጥላል። አፉ ጠቧል? ታቹ ከፍ ብሏል? ሰፋሪው ቆልሎ ይሰፍራል ወይስ በእጁ ጠርጎ? አንድ ጆንያ ጤፍ በአንዱ ቁና ስምንት፣ በሌላው ስድስት ሊወጣው ይችላል። ጤፉ ግን ያው ጤፍ ነው።

ምርጫም እንዲሁ ነው። ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ኮሮጆ ውስጥ የሚጨምረው እህሉን ነው። ያ እህል ወደ ምክር ቤት ወንበር የሚለወጥበት ሕግ ደግሞ ቁናው ነው። ስለ ምርጫ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ እህሉ ነው፤ ማን ተመረጠ፣ ኮሮጆ ተገለበጠ ወይስ አልተገለበጠም፣ ታዛቢ ነበረ ወይስ አልነበረም እንላለን። ቁናውን ግን የሠሩት ሰዎች አሉ፤ ሲሠሩትም የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። ታሪኩን ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ ስጽፍ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ድምፅ፣ ጥቂት ወንበር

በግንቦት 1948 ደቡብ አፍሪካ ጠቅላላ ምርጫ አካሄደች። የአገሩ ባለቤት የሆነው ጥቁሩ ብዙኃን በዚያ ምርጫ ቦታ አልነበረውም፤ ፉክክሩ በነጮቹ ፓርቲዎች መካከል ነበር። የያን ስመትስ ዩናይትድ ፓርቲ ከዳንኤል ማላን ናሽናል ፓርቲ የበለጠ ድምፅ አገኘ። ወንበር ሲቆጠር ግን ናሽናል ፓርቲ 70፣ ዩናይትድ ፓርቲ 65 ሆነ። ማላን 9 ወንበር ካገኘው አጋሩ ከአፍሪካነር ፓርቲ ጋር ሆኖ መንግሥት መሠረተ። አፓርታይድ የአገር ሕግ የሆነው ይህ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው።

ውጤቱን ያዞረው የቁናው ቅርጽ ነበር። በየምርጫ ክልሉ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የስመትስ ፓርቲ በከተሞች ከሚያስፈልገው በላይ ድምፅ አከማችቶ የተረፈው ለምንም ሳይሆነው ቀረ። የ1909ኙ የኅብረቱ ሕግ ደግሞ የአንድ ምርጫ ክልል የመራጭ ቁጥር ከአማካዩ እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ይፈቅድ ነበር። በዚህ ፈቃድ የገጠር ክልሎች በጥቂት መራጭ፣ የከተማዎቹ በብዙ መራጭ ተዋቀሩ። የገበሬው ድምፅ ከከተሜው ድምፅ የሚመዝን ሆነ። ከ46 ዓመት በኋላ ይህችው አገር ሌላ ቁና መርጣለች፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ለቦታ የተሠራው ቁና

ደቡብ አፍሪካ በ1948 የሰፈረችበት ቁና ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በ1265 ሲሞን ደ ሞንፎር ጉባኤ ሲጠራ ከየአውራጃው ሁለት ሁለት ባላባቶች፣ ከየከተማውም ሁለት ሁለት ሰዎች እንዲመጡ አዘዘ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ተወካዩ የመጣው ስለ አንድ ቦታ ሊናገር እንጂ ስለ አንድ አስተሳሰብ አልነበረም። ስለዚህ ከየቦታው ብዙ ድጋፍ ያገኘው ይለፍ፣ ሌላው ይቅር የሚለው ደንብ ለማንም እንግዳ አልሆነበትም።

ቦታው ሰው ሲያጣም ወንበሩ ቀረለት። ኦልድ ሳረም የሚባለው ኮረብታ ነዋሪ አልባ ከሆነ ከብዙ ዘመን በኋላም እስከ 1832ቱ የተሐድሶ ሕግ ድረስ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር፤ በኢንዱስትሪ ያደጉት እንደ ማንቸስተር ያሉ ከተሞች ግን የራሳቸው እንደራሴ አልነበራቸውም። በ1872 ድምፅ መስጠት ምስጢራዊ ሆነ። በ1885 አገሩ በአብዛኛው ባለ አንድ ወንበር ምርጫ ክልሎች ተከፋፈለ። ዛሬ አብላጫ ድምፅ የምንለው ሥርዓት መልኩን የያዘው ያን ጊዜ ሲሆን በቅኝ ግዛት መንገድ ወደ ካናዳ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ኬንያና ወደ ናይጄሪያ ተጓዘ።

ይህ ቁና በጎ ጎኑ ብዙ ነው። መራጩ ተወካዩን በስም ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲበላሽ ወዴት እንደሚጮህ ያውቃል። ብዙ ጊዜ አንድ ፓርቲ ብቻውን መንግሥት ስለሚመሠርት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መራጩ ሲመረውም ያወርደዋል። ሕንድ በ1951 እና በ1952 የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ስታካሂድ ኮንግረስ ፓርቲ በ45 በመቶ ድምፅ ከ489 ወንበር 364ቱን አገኘ፤ ገና ለተወለደችው ሪፐብሊክ ይህ ጽኑ መንግሥት ሰጣት።

ያው ቁና ግን ያበዛውን ያህል ያጎድላል። የካናዳው ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በ1988 ከመራጩ 43 በመቶውን አግኝቶ ከ295 ወንበር 169ኙን ወሰደ። ሥርዓቱ ያለ አግባብ እንደጠቀመው ያን ጊዜ አልተሰማውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ድምፁ ወደ 16 በመቶ ወረደ፤ የቀረለት ወንበር ሁለት ብቻ ነበር። 16 በመቶ ሁለት ሚሊዮን የሚያህል ሰው ነው። በራሷ በብሪታንያ በ2024 ሌበር ፓርቲ በ33.7 በመቶ ድምፅ ከ650 ወንበር 411ዱን ሲወስድ፣ 14.3 በመቶ ያገኘው ሪፎርም ዩኬ የደረሰው 5 ወንበር ነው።

የጌንቱ የሕግ መምህር

ሁለተኛው ቁና የተሠራው በቤልጂግ ነው። በጌንት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበረው ቪክቶር ዶንት በ1878 አንድ የስሌት ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ለማንም የሚገባ ነው። አምስት ወንበር አለ እንበል፤ ሦስት ፓርቲዎች 52 ሺህ፣ 31 ሺህ እና 17 ሺህ ድምፅ አገኙ። የእያንዳንዱን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያካፈልን እንሄዳለን፤ ከወጡት ቁጥሮች ትልልቆቹ አምስቱ ወንበሩን ይወስዳሉ። እነሱም 52 ሺህ፣ 31 ሺህ፣ 26 ሺህ፣ 17 ሺህ 333 እና 17 ሺህ ናቸው። አንደኛው ፓርቲ ሦስት ወንበር፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። በእንግሊዙ ቁና ግን አንደኛው ፓርቲ በአምስቱም ክልሎች በዚሁ ልክ ቢመራ ኖሮ አምስቱንም ጠቅልሎ ይወስድ ነበር።

ዘዴው ሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ቀረ። ሕግ ያደረገው ፍርሃት ነው። በ1893 ቤልጂግ የመምረጥ መብትን ለወንዶች ሁሉ ስታሰፋ ሠራተኛው በሶሻሊስቶቹ በኩል ወደ ምክር ቤት ገባ፤ መሐል ላይ የነበሩት ሊበራሎች ደግሞ ተጨፍልቀው ሊጠፉ ደረሱ። ገዢው የካቶሊክ ፓርቲ እያሸነፈ ሳለ ነገው አስፈራው። መሐሉ ከጠፋ አገሪቱ ሁለት ጎራ ሆና ፊት ለፊት ትፋጠጣለች። በ1899 የጁል ቫንደንፔረቦም መንግሥት ወንበርን በድምፅ ልክ የሚያካፍለውን ይህን ተመጣጣኝ ውክልና ለገዢው ፓርቲ በሚመቹት ትልልቅ ክልሎች ብቻ ለመተግበር ሲሞክር ብራስልስ በተቃውሞ ተናወጠች፤ መንግሥቱም ወደቀ። ተተኪው ፖል ደ ስሜት ደ ናየር በዓመቱ መጨረሻ ሕጉን ለአገሩ ሁሉ እኩል አድርጎ አጸደቀው። ለራስ ብቻ የተመቸ ቁና ይዞ ገበያ መውጣት እንደማይቻል ቤልጂጎች በዚያ በጋ አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፈተ። ፊንላንድ በ1906 ተመጣጣኝ ውክልናን ከሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ጋር በአንድ ላይ ደነገገች፤ በዓመቱ 19 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ። ኔዘርላንድስ በ1917 ተከተለች፤ ጀርመን ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ።

የበሩ ደፍ

ከዚያ ሽንፈት በኋላ የቆመችው የቫይማር ጀርመን ቁና ከሁሉም ይልቅ ለመራጩ ቁጥር የታመነ ነበር። ፓርቲ በየ60 ሺህ ድምፁ አንድ ወንበር ያገኛል፤ መራጩ ሲበዛ ምክር ቤቱም ይሰፋል። ፓርቲዎች በዙ፤ መንግሥታት እየቆሙ ወደቁ። በ1928 ናዚዎች 2.6 በመቶ ድምፅ ይዘው 12 ወንበር አገኙ፤ በሐምሌ 1932 ግን 37 በመቶ አግኝተው አንደኛ ወጡ። ጥፋቱን ሁሉ በቁናው ላይ መጫን ግን አይገባም። 37 በመቶ ይዞ የሚመራ ፓርቲ በእንግሊዙ ሥርዓት ቢሰፈር ኖሮ ከዚያም የበለጠ ወንበር ይወስድ ይሆናል። አገር የሚያድን ቁና የለም። ቁናው የሚያደርገው በአገሩ ውስጥ ያለውን ማሳየት፣ ወይም መሸፈን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የተነሡት የምዕራብ ጀርመን ሕግ አውጪዎች ቦን ላይ ሁለቱን ቁናዎች አጋጠሙ። ከ1953 ጀምሮ ጀርመናዊ መራጭ ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱን ለአካባቢው ተወካይ፣ ሌላውን ለፓርቲ ይሰጣል። የምክር ቤቱን ድርሻ የሚወስነው ሁለተኛው ነው። በሩ ላይም ደፍ አበጁ፤ ከ5 በመቶ በታች ያገኘ፣ በቂ የአካባቢ ወንበር ካላሸነፈ በቀር፣ ደፉን አይሻገርም። በ2025 የዛራ ቫገንክኔሽት ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ አሥር ሺህ በማይሞላ ድምፅ ከደጅ ቀርቷል። በ2023 የምክር ቤቱን ቁጥር 630 ላይ ያቆመው ማሻሻያም ዋጋ አስከፍሏል፤ በ2025 በአካባቢያቸው አንደኛ የወጡ 23 ሰዎች ወንበር ሳያገኙ ቀሩ።

የደፉ ከፍታ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። እስራኤል አገሩን በሙሉ አንድ ምርጫ ክልል አድርጋ ክኔሴት ለሚባለው ምክር ቤቷ 120 ወንበር የፓርቲ ዝርዝር ታስመርጣለች። ደፉ ከ1 በመቶ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በ2014 3.25 ደርሷል። በየከተማው ተበታትኖ የሚኖረው ቤተ እስራኤል ብቻውን አንድ ክልል የሚያሸንፍ ቁጥር የለውም፤ ልጆቹ ክኔሴት የገቡት በፓርቲ ዝርዝር ነው። በጎንደር አካባቢ ተወልዳ በሕፃንነቷ በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ የተጓዘችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 እንደራሴ፣ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆናለች። ጉዳቱም አለ፤ ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 አገሪቱ አምስት ጊዜ ምርጫ ጠርታለች። በአምስተኛው ሜሬትስ የተባለው የግራ ፓርቲ 3.16 በመቶ አግኝቶ ደፉ ላይ ሲቀር ከአራት ሺህ ያነሰ ድምፅ ነበር የጎደለው።

ሕዝብ ቁናውን ሲጠብቅ፣ ሲቀይርም

አየርላንድ ነፃ ስትወጣ ተሸጋጋሪ ድምፅ የሚባለውን ሦስተኛ መንገድ ያዘች። መራጩ ተወዳዳሪዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያ ምርጫው ከወደቀ ወይም ከበቂው በላይ ካገኘ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። በ1959 የዘመኑ ኃያል መሪ ኤመን ደ ቫሌራ ይህን በእንግሊዙ አብላጫ ድምፅ ለመተካት ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። በዚያው ዕለትም ራሱ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። አየርላንዳውያን ሰውየውን መረጡት፤ ቁናውን ግን አንሰጥህም አሉ። በ1968 ፓርቲው ደግሞ ሞከረ፤ ሕዝቡ በ60.8 በመቶ እምቢ አለ። ለዚህ መራጭ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። መሪን መውደድና መስፈሪያን ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ ያወቀ መራጭ ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ የቀየረች ናት። በ1978ም በ1981ም ሌበር ፓርቲ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ናሽናል ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ1981 ሶሻል ክሬዲት የተባለው ፓርቲ ከአምስት መራጭ የአንዱን ድምፅ አግኝቶ የደረሰው ሁለት ወንበር ነው። በ1985 የተሰየመው የንግሥቲቱ ኮሚሽን በዓመቱ የጀርመኑን ቅይጥ ሥርዓት የሚመክር ጥናት አቀረበ። ትልልቆቹ ፓርቲዎች አልወደዱትም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ላንጊ ግን በ1987 በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ማስታወሻውን አሳስቶ አንብቦ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ቃል ገባ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ አልለቀቀውም። በ1992 ከመራጩ 84.7 በመቶው ለውጥ ፈለገ፤ በ1993 ደግሞ 53.9 በመቶው ቅይጡን አጸደቀ። አዲሱ ቁና በ1996 ሥራ ጀመረ። በ2011 ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብለው ሲጠየቁ 57.8 በመቶው ይቀጥል ብለዋል።

ከማሴሩ እስከ ኬፕታውን

አፍሪካ ይህን ትምህርት የተማረችው በእሳት ነው። በግንቦት 1998 በሌሶቶ አንድ ፓርቲ 60 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ያዘ። 24 በመቶ ያገኘው የባሶቶ ናሽናል ፓርቲ የተረፈው አንድ ወንበር ነው። ከአራት መራጭ አንዱ በምክር ቤቱ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሆነ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች ተጭበርብረናል ብለው አደባባይ ወጡ፤ በመስከረም የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ፤ የዋና ከተማዋ የማሴሩ ሱቆች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ፓርቲዎቹ ሁሉ የተወከሉበት ጊዜያዊ አካል ተቀምጦ ስለ ቁናው ተከራከረ። 80ው ክልሎች እንዳሉ ቆይተው፣ በድምፃቸው ልክ ወንበር ላላገኙ ፓርቲዎች ማካካሻ የሚሆኑ 40 ወንበሮች ተጨመሩ። በ2002ቱ ምርጫ አሸናፊው ፓርቲ አሁንም ክልሎቹን ጠቅልሎ ወሰደ ማለት ይቻላል፤ የባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ግን ከማካካሻው 21 ወንበር አገኘ። ሰው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ሲኖረው ጎዳናው ላይ ያለው ጉዳይ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንመለስ። ከአፓርታይድ መውጫውን ሲደራደሩ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ትልቁ ፓርቲ እንደሚሆን የሚጠራጠር አልነበረም። የእንግሊዙን ቁና ይዞ ቢቀጥል ከድምፁ በላይ ወንበር ሊያገኝበት ይችል ነበር። እሱ ግን ደፍ እንኳ የሌለውን ተመጣጣኝ ውክልና ተቀበለ። በሚያዝያ 1994 ከመራጩ 62.6 በመቶውን አግኝቶ ከ400 ወንበር 252ቱን ያዘ፤ በ1948 አገሪቱን በአነስተኛ ድምፅ የያዘው ናሽናል ፓርቲ በ20.4 በመቶ 82 ወንበር አገኘ። 1.25 በመቶ ያገኘው የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስም አምስት ሰው አስገባ። ድምፁ ባክኖ የቀረበት መራጭ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ይህም ቁና ቅሬታ አላጣም። እንደራሴው በሕዝብ ሳይሆን በፓርቲ ዝርዝር ስለሚገባ ዓይኑ ከመራጩ ይልቅ ዝርዝሩን በሚያወጡት አለቆች ላይ ነው ተባለ። በ2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የግል ተወዳዳሪም ቦታ ይሰጠው ብሎ ፈረደ። በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ወደ 40.2 በመቶ ወረደ፤ የደረሰው ወንበርም 159 ነበር። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለበቀል ነው፤ እዚህ ላይ ግን ምሕረት ሆኗል። ካናዳዊው ፓርቲ በወደቀ ቀን ሊጠፋ ነበር፤ ይህኛው በድምፁ ልክ ወርዶ፣ ከትናንት ተቃዋሚው ጋር ተቀምጦ ጥምር መንግሥት መሠረተ።

የእኛው ቁና

ኢትዮጵያም የቁና ታሪክ አላት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 200 ሺህ ያህል ሕዝብ ባለበት በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ እንዲመረጥ ደነገገ፤ ሕዝባቸው ከ30 ሺህ ለሚበልጥ ከተሞች ደግሞ ተጨማሪ ሰጠ። ፓርቲ አልነበረም፤ እንደ ደ ሞንፎር ዘመን ሰው የሚቆመው ስለ ቦታው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኙት እንዲሆኑ፣ ቁጥራቸውም ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ከ20 የማያንሰው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ወሰነ።

ይህ ቁና ምን እንደሚያደርግ አዲስ አበቤ በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለቴ አይቶታል። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። በሁለቱም ጊዜ በከተማዋ ሌላውን ወገን የመረጠ ብዙ ሕዝብ ነበር፤ ወንበሩን ያየ ግን ያ ሕዝብ በከተማዋ ኖሮ አያውቅም ይላል። በአገር ደረጃ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። በእነዚያ ዓመታት የምርጫው ሜዳ መጥበቡና የተቃዋሚው መዋከብ የታወቀ ነው፤ ሁሉንም በቁናው ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን የተለየ ድምፅ የሰጠውን ዜጋ ከዓይን የሚሰውረው ይኸው ቁና መሆኑም አይካድም። ባዶ የሆነው ወንበር ጎዳናው ላይ ተሞላ። በ2009 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ የምርጫ ሕጉ የሕዝቡን ድምፅ በሚያንጸባርቅ መልኩ እንደሚሻሻል ለምክር ቤቱ ተናገሩ፤ ፓርቲዎችም ስለ ቅይጥ ሥርዓት ተደራደሩ። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ግን አብላጫ ድምፁን ይዞ ወጣ፤ የ2013ቱ ምርጫም በዚያው ተሰፈረ።

የትኛው ቁና ይሻለናል ለሚለው አንድ መልስ ይዤ አልመጣሁም። ተወካዩን በስም የሚያውቅ መራጭ ዋጋው ትልቅ ነው፤ በየወረዳው በጥቂቱ የተበተነ ሐሳብም ወንበር ይገባዋል። ሁለቱን ለማስታረቅ ሌሶቶም ጀርመንም ሞክረዋል፤ ሁለቱም ዛሬም እያረሙት ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ስለ ኮሮጆው የምንሟገተውን ያህል ስለ ቁናው እንሟገት። ቀበሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር ላይ ድምፅ እንዴት ወንበር እንደሚሆን ይነገር። ሕጉን ለመጻፍ የሚቀመጥ ፓርቲ ሁሉ ደግሞ ያሸነፈበትን ቀን ሳይሆን የሚወድቅበትን ቀን ያስብ። 40 በመቶ ሲቀረው፣ 16 ሲቀረው፣ 4.98 ሲቀረው በዚህ ቁና ልሰፈር ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አዎ ካለ፣ ቁናው ትክክል ነው።